ጥርሴ ዝም ካለ በኋላ ስኳሬ ለምን አሻቀበ?

ጥያቄ፦

ሰላም ዶክተር። ዕድሜዬ 51 ነው፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፣ ቤቴ ሐዋሳ ነው። ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ 8 ዓመት ሆኖኛል። ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ እወስዳለሁ፣ ለደም ግፊት ደግሞ ኤናላፕሪል። ከ4 ወር በፊት በስተግራ የታችኛው መንጋጋዬ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። መንገድ ላይ ስለነበርኩ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊንና ማስታገሻ ገዝቼ ዋጥኩ፣ በአራተኛው ቀን ህመሙ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አላመመኝም። ብቻ ከጥርሱ ዝቅ ብሎ ድዴ ላይ ትንሽ ብጉር ትወጣለች፣ ትፈነዳለች፣ ጨው ጨው የሚል መጥፎ ፈሳሽ ይወጣል፣ ትጠፋለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትመጣለች። እኔን ግራ የገባኝ ስኳሬ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ 130፣ 140 የነበረው አሁን 210፣ 230 ይላል። የሦስት ወሩ ምርመራ ከ7.4 ወደ 9.1 ወጣ። ክትትል የማደርግበት ቦታ "ምግብ አልተጠነቀቁም" ተባልኩ። ባለቤቴም ተደብቄ ማር የምልስ ነው የሚመስላት። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ፣ የጥርሱ ሥር ኢንፌክሽን አለው፣ ወይ ሩት ካናል ይሠራ ወይ ይነቀል አለኝ። የሥራ ጓደኞቼ ግን ስኳር ያለበት ሰው ጥርስ ከተነቀለ ቁስሉ አይድንም፣ እንዲያውም ይሞታል ይሉኛል። ካላመመኝ ልተወው? ወይስ ስኳሬ እስኪወርድ ልጠብቅ? ደግሞ ብጉሯ ላይ ማርና ቅርንፉድ አድርግበት ያለኝ ሰው አለ፣ ይረዳል?

ግራ የገባው ሹፌር

መልስ፦

ጋሼ፣ ማር አልላሱም ብዬ መማል አልችልም፣ እዚያ አልነበርኩም። ግን ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ሳነበው ዓይኔ ያረፈው ምግቡ ላይ ሳይሆን ቀኑ ላይ ነው። ጥርሱ ያመመዎት ከ4 ወር በፊት ነው። የሦስት ወሩ ምርመራ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ያለፉትን 2 እና 3 ወራት ነው የሚያወራው፤ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል፣ በኖረ ቁጥርም ደም ውስጥ ያለው ስኳር እየተለጠፈበት ይሄዳል፣ ምርመራው የሚለካው ያንን የተለጠፈውን ነው። ስለዚህ 9.1 የሚለው ቁጥር የሚነግረን ጥርስዎ "ተሻለው" ካሉ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ግን እርስዎ ሹፌር ነዎት፤ መኪናዎ ጉድጓድ ገብቶ ከወጣ በኋላ መሪው ወደ ግራ መሳብ ቢጀምር መጀመሪያ ወርደው የሚያዩት ጎማውን ነው እንጂ ነዳጁን አይደለም።

"ህመሙ ጠፋ" ብለዋል፣ እሱ ልክ ነው። ከዚያ ተነስተው ግን ጥርሱን እንደዳነ ቆጠሩት። አልዳነም። ሞቷል።

ጥርስ ከውጭ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል፣ መሃሉ ላይ ግን ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ሰው ባጭሩ "ነርቩ" ይለዋል። ይህ ሥጋ በቀጫጭን ቦዮች እስከ ሥሩ ጫፍ ድረስ ይወርዳል፤ የእርስዎ ዓይነቱ የታችኛው መንጋጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ሥርና ሦስት ቦይ አለው፣ አንዳንዱም አራት። ጥርሱ ተቦርቡሮ ባክቴሪያ እዚያ ሲደርስ ሥጋው ይቆስላል፣ ያብጣል። ግን ዙሪያው ጠንካራ ግድግዳ ነው፣ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። እንግዲህ ያ ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳዎት ህመም ይኸው ነው፣ የገዛ እብጠቱ ደም ሥሩን አንቆ ነርቩን እየገደለው ነበር። በአራተኛው ቀን የሚጮህ ነርቭ አልቀረም። ምስጋናውን ኪኒኑ ወሰደ።

ኪኒኑ ጭራሽ አልሠራም እያልኩ አይደለም። ከጥርሱ ውጭ አጥንቱና ድዱ አካባቢ የነበረውን ሳያበርደው አልቀረም። ችግሩ መድኃኒት የሚጓዘው በደም መሆኑ ነው፣ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይገባም። አስፋልቱ የተቆረጠበት ከተማ ጭነት አድርስ እንደማለት ነው። ከተማው መግቢያ ድረስ ይሄዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ቆመው ይመለሳሉ። ስለዚህ ባክቴሪያው በእነዚያ ቦዮች ውስጥ ማንም ሳይነካው ቤቱን ሠርቶ ይቀመጣል፣ በሥሩ ጫፍ ባለችው ቀዳዳ በኩልም መርዙን ወደ መንጋጋ አጥንት ይለቃል። ሰውነት እዚያ ጦር ያዘምታል፣ በውጊያውም አጥንቱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ራጁን ቢያሳዩኝ ከሥሩ ጫፍ ላይ እንደ ምስር ፍሬ ወይም ከዚያ ተለቅ ያለ ጥቁር ጥላ የማይ ይመስለኛል። ያ ጥላ ቀድሞ አጥንት የነበረበት ቦታ ነው።

ያቺ ብጉር ደግሞ የመግሉ መውጫ ናት። የጭስ ማውጫ ይበሏት። የማያምዎት ስለዳኑ ሳይሆን መግሉ መውጫ ስላገኘና ውጥረቱ ስለረገበ ነው። ብዙ ሰው ብጉሯ ስትጠፋ ደስ ይለዋል፣ እኔ ግን የምፈራው ስትደፈን ነው፤ መውጫው ሲዘጋ መግሉ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ስኳሩ። ነገሩ በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ነው፣ ሰው ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

የሚታወቀው አቅጣጫ ስኳር ጥርስን ይጎዳል የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ግን ምክንያቱ ብዙዎች እንደሚያስቡት ጣፋጭ መብላት ብቻ አይደለም። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ነጭ የደም ሴሎች ይዳከማሉ፣ ወደ ኢንፌክሽኑ ቦታ ቀስ ብለው ይደርሳሉ፣ ደርሰውም ባክቴሪያውን ለመዋጥና ለመግደል ይሰንፋሉ። ቀጫጭን ደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ ዓይንና ኩላሊት ላይ የሚያደርሰውን ታሪክ እርስዎም በክትትል ሰምተውታል፣ መንጋጋ አጥንት ውስጥም ያው ነው። አጥንት የሚጠግኑት ሴሎችም ሥራቸው ይጓተታል። ምራቅ ይቀንሳል፣ አፍ ይደርቃል፣ የደረቀ አፍ ውስጥ ጥርስ ቶሎ ይቦረቦራል። (ረጅም መንገድ ላይ ጫት ከኖረ እሱም አፍ ያደርቃል፣ ጎን ለጎን የሚጠጣው ለስላሳና በስኳር የተወፈረ ሻይ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ይመታል። አልጠየቁኝም፣ እኔም አላየሁም።) በጥናትም ደጋግሞ የታየው ይኸው ነው፣ የስኳር ህመም ያለባቸው ሰዎች የጥርስ ሥር ጫፍ ላይ ያለው ቁስል በብዛት ይገኝባቸዋል፣ ሲታከምም ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፣ በተለይ ስኳራቸው ካልተስተካከለ።

ሁለተኛው አቅጣጫ የእርስዎ ጥያቄ ነው። ኢንፌክሽን ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ጉንፋን ወይም ሳንባ ምች ይዞዎት በሚያውቅ ጊዜ ስኳርዎ ሲያሻቅብ አይተው ይሆናል። ሰውነት ጠላት ገባብኝ ሲል ኮርቲዞልና አድሬናሊን የሚባሉትን ሆርሞኖች ይለቃል፣ እነሱ ጉበትን "ያከማቸኸውን ስኳር አውጣ፣ ጦርነት ላይ ነን" ይሉታል። በተጨማሪ ከቁስሉ ቦታ የሚለቀቁ የብግነት (የመቆጣትና የማበጥ) መልእክተኛ ኬሚካሎች ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጉታል። ኢንሱሊኑ አለ፣ ኪኒኑም ተውጧል፣ ግን ጡንቻና ጉበት አይሰሙትም። የጉንፋኑ በሳምንት ያልፋል። የጥርስ ሥር ግን ሳያም ሳያስተኛ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀመጣል። ትንሽ እሳት ናት፣ ግን ሌት ተቀን አትጠፋም።

እዚህ ላይ ግን አላጋንንም፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ "አንድ ጥርስ ነቀልኩ፣ ስኳሬ ለቀቀኝ" የሚል ወሬ ሞልቷል። ማስረጃው ጠንካራ የሆነው ስለ ድድ በሽታ ነው። ኖርዌጂያዊው የድድ ተመራማሪ ሃራልድ ሎ በ1993 የድድ በሽታን የስኳር "ስድስተኛው መዘዝ" ብሎ የጠራው ከዓይን፣ ከኩላሊትና ከነርቭ ጉዳት ጋር አሰልፎ ነው። የድድ በሽታ በደንብ ሲታከም የሦስት ወሩ ቁጥር በአማካይ 0.4 ገደማ እንደሚወርድ በብዙ ጥናት ታይቷል፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም አንዳንዴ አንድ ተጨማሪ ኪኒን ከሚያመጣው ለውጥ ብዙም አይርቅም። የጥርስ ሥር ኢንፌክሽንን በተመለከተ ግን ሁለቱ አብረው እንደሚገኙ ግልጽ ነው፣ ሥሩን ማከም ስኳሩን ምን ያህል ያወርዳል የሚለው ላይ ያለው ማስረጃ ገና ቀጭን ነው። ስለዚህ ጥርሱ ሲታከም 9.1 ወደ 7.4 ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ከገባሁ ሻጭ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።

ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። 8 ዓመት ረጅም ጊዜ ነው፣ ቆሽት በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየደከመ ይሄዳል፣ የድሮው መጠን አሁን ላይበቃ ይችላል። ኢንሱሊን ይጀመር ቢባሉም አይደንግጡ፣ "ኢንሱሊን የጀመረ ሰው አለቀለት" የሚለው ወሬ ከጥርስ ነቀላው ወሬ ጋር አንድ ሰፈር ያደገ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ የሌሊት ጉዞ፣ ሙቀት ያለበት ጋቢና ውስጥ ሳምንት የከረመ መድኃኒት፣ እነዚህም አሉ። ፋርማሲ የሰጠዎት ማስታገሻ ውስጥ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሪድኒሶሎን ነበረበት ወይ? እነዚህ እብጠት ቶሎ ስለሚያወርዱ አንዳንድ ቦታ ለጥርስ ይሰጣሉ፣ ስኳርን ግን ሰማይ ያደርሱታል። ያኔ የወሰዱት ከሆነ የዛሬውን 230 አያብራራም፣ ውጤቱ በቀናት ውስጥ ያልፋል። ለሚቀጥለው ግን ይወቁት፣ የሚሰጥዎትን ኪኒን ስም ይጠይቁ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስም አልባ የሆነ ኪኒን አይዋጡ።

ስኳሬ እስኪወርድ ልጠብቅ ወይ ላሉት፣ አይጠብቁ። ይህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ጥርሱ ጋ ሲሄዱ "ስኳርህን አስተካክለህ ና" ይባላሉ፣ ስኳሩ ጋ ሲሄዱ "ምግብ ተጠንቀቅ" ይባላሉ፣ መሃል ላይ ጥርሱ መግሉን እያፈሰሰ 6 ወር ያልፋል። ለጌጥ የሚሠራ ሥራ ቢሆን፣ ማንጣት፣ ማስተካከል፣ አርቴፊሻል ጥርስ ማስተከል፣ አዎ ስኳሩ ይቅደም እላለሁ። ኢንፌክሽን ግን አይቀጠርም። 210 እና 230 ጥሩ ቁጥር አይደለም፣ ግን ሐኪም እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ቁጥርም አይደለም። ከ300 በላይ እየወጣ፣ ውሃ ጥም ሲበዛ፣ ሽንት ሲመላለስ፣ ማስመለስ ካለ ያኔ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ሁለቱም እዚያው ይያዛሉ። ከዚያ በታች ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኬዱ። ለስኳር ሐኪምዎ "የጥርስ ሥር ኢንፌክሽን አለብኝ፣ መግል ይወጣል፣ ራጁ ይኸው" ይበሉት። ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር ካልነገሩት እሱም ከምግብ ሌላ የሚጠረጥረው ነገር የለውም። ጥርስ ድሮውንም የሰውነት አካል አይመስለንም መሰለኝ፣ ስለ እግራችን የሚጠይቀን እንኳን አፋችንን ክፈቱ አይለንም።

"ይሞታል" የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከባዶ አልመጣም። በድሮ ጊዜ ስኳር እንዳለበት እንኳን የማያውቅ ሰው ጥርሱ አብጦ አብጦ መጨረሻ ላይ በመንደር ጉጠት ይነቀልና ኢንፌክሽኑ ተሰራጭቶ ይሞታል። ሰፈሩ ያየው የመጨረሻውን ነገር ነው፣ መነቀሉን። ገዳዩ ግን ሳይነቀል የቆየበት ጊዜና ያልታከመው ስኳር ነው። አባቴም ስኳር ነበረበት፣ ይህንኑ ወሬ አምኖ አንድ መንጋጋ 2 ዓመት አቀፈ፣ በመጨረሻ ፊቱ አብጦ ተነቀለ፣ ቁስሉም ዳነ። ቀስ ብሎ ዳነ እንጂ ዳነ። ለእርስዎም የምለው ይኸው ነው፣ ከሌላው ሰው ትንሽ ሊቆይ ይችላል፣ ሐኪምዎም ከሳምንት በኋላ ቢያይዎት ጥሩ ነው። ከተነቀለ በኋላ 24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ በቀጭን መምጠጫ አይጠጡ፣ ሲጋራ ካለ ይተዉት። ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው፣ እሱ ከወጣ ነው ጣጣው።

ሩት ካናል ወይስ ነቀላ? ጥርሱ ከላይ ያለው አካሉ ጥሩ ከሆነና አቅም ካለ ሩት ካናሉን እመርጣለሁ። ያ የሞተ ሥጋ ይወጣል፣ ቦዮቹ ይታጠባሉ፣ ይደፈናሉ፣ ከዚያ ላዩ ላይ ቆብ ይደረጋል። ቆቡን አይዝለሉት፣ ብዙ ሰው ሩት ካናሉን ከፍሎ ቆቡን "ሌላ ጊዜ" ይላል፣ የሞተ መንጋጋ ደግሞ ቆሎ ሲቆረጠም ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ያ ሁሉ ብርም ከንቱ ይቀራል። አጥንቱ መሙላቱ በራጅ የሚታየው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ነው፣ አንዳንዱ እስከ 4 ዓመት ሊወስድ ይችላል፣ ስኳሩ ከፍ ካለ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ በዓመቱ ተመልሰው ራጅ ይነሱ፣ ባያምዎትም። ዘንድሮ እንዳየነው "አላመመኝም" የሚባለው ነገር ምስክር ሆኖ አይቆምም።

ብሩ ካልሞላ ወይም ጥርሱ ከላይ ተሰባብሮ የሚይዝ ነገር ከሌለው ያስነቅሉት። አፍሬ አይደለም የምለው። ነቀላ ሽንፈት አይደለም፣ ኢንፌክሽኑ ይወጣል፣ እኛ የፈለግነውም እሱን ነው። ሦስተኛው ምርጫ፣ ማለትም መተው፣ የለም።

የቀጠሮው ቀን የእርስዎ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። ጠዋት ይሁን። ቁርስዎን በልተው፣ ኪኒንዎን ወስደው ይሂዱ። ጾም ላይ ከሆነም በባዶ ሆድ አይሂዱ፣ የንስሐ አባትዎ ጋ ቀድመው ይነጋገሩበት። እዚህ ላይ የማሰምርበት ስለ ግሊበንክላማይድ ነው። ይህ ኪኒን ቢበሉም ባይበሉም ስኳር ያወርዳል። የታችኛው መንጋጋ ማደንዘዣ ደግሞ ከንፈርና ምላስን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያደነዝዛል፣ በዚያ ጊዜ ማኘክ አይችሉም፣ ካኘኩም ጉንጭዎን ይነክሳሉ። ኪኒን ውጠው፣ ቁርስ ሳይበሉ ሄደው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ ደንዝዘው ቢወጡ ስኳርዎ በመሪ ላይ እያሉ ይወርዳል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ርሃብ፣ ዓይን ብዥ ማለት ከተሰማዎት ያቁሙና ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ወይም መለኪያው ከሌለ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ደንዝዘውም ቢሆን መጠጣት ይቻላል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከተመለሰ በኋላም 45 ደቂቃ ያህል መሪ አይያዙ፣ ጭንቅላት ከደም ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። በእውነቱ ከሆነ ያን ቀን ሌላ ሰው ቢነዳልዎት ይሻላል።

ለህመም ፓራሲታሞል ይበቃዎታል፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፉ፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ ሳያልፉ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጥርስ ህመም ላይ ጎበዝ ናቸው፣ ግን ስኳር ያለበት፣ ኤናላፕሪል የሚወስድ ሰው ኩላሊት ላይ ይጫናሉ፣ ስለዚህ የኩላሊት ምርመራዎ ሳይታይ በራስዎ አይጀምሩ። የዲክሎፌናክ መርፌውንም ጭምር ነው የምለው። ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘልዎት ጠላም ጠጅም አረቄም የለም፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ቢያንስ 3 ቀን ይቆዩ። ዳግመኛ ደግሞ ፋርማሲ ሄደው "እንደ ባለፈው" ብለው አሞክሳሲሊን አይግዙ። ሐኪሙ ካዘዘ፣ ትኩሳት ወይም የሚሰራጭ እብጠት ካለ ይወስዳሉ፣ ግን እሱ ሥሩን የማከም ጎን አጋዥ ነው፣ ምትክ አይደለም።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ባሉት ቀናት ስኳርዎን ቶሎ ቶሎ ይለኩ፣ መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ፣ መብላት ካልቻሉ ግን ስለ ግሊበንክላማይዱ፣ ማስመለስ ከጀመረዎት ደግሞ ስለ ሜትፎርሚኑ ወዲያው ሐኪም ያማክሩ። መንጋጋዎ ሥር ወይም ምላስዎ ሥር እብጠት ከመጣ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ድምፅ ከተለወጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ፣ ያኔ ቀጠሮም ጥርስ ሐኪምም አይጠብቁ። የሌሊት 8 ሰዓትም ይሁን ሞያሌ መንገድ ላይም ይሁኑ፣ ጭነቱን ትተው ቅርብ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይግቡ፣ ስኳር እንዳለብዎትም መጀመሪያ ይናገሩ። ከታች መንጋጋ የተነሳ መግል ወደ አንገት ሲወርድ የአየር መንገድ ይዘጋል፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ያቺ የማታምም ብጉር የምታስፈራኝ ለዚህ ነው።

ጥርሱ ከታከመ ከ3 ወር በኋላ የሦስት ወሩን ምርመራ እንደገና ያሠሩ። ከዚያ በፊት ቢሠሩት የድሮውን ደም ነው የሚለኩት። ካልወረደ ጥርሱን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሰርዘን መድኃኒቱን እናያለን። ያን ጊዜ ድድዎንም ያሳዩ፣ አንድ ሥር ሲታከም ዙሪያውን ያለው ድድ ሁሉ ሲደማ የሚተው ብዙ ነው፣ ከላይ እንዳልኩትም ስኳሩን በማውረድ በኩል ማስረጃ ያለው ድዱ ነው።

ቅርንፉዱ ቀረ። ቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል የሚባል የሚያደነዝዝ ነገር አለ፣ እኛም በሕክምና ውስጥ እንጠቀምበታለን፣ ስለዚህ አያቶቻችን አልተሳሳቱም፣ ለሚያም ጥርስ ለአንድ ሌሊት ያስታግሳል። የእርስዎ ጥርስ ግን አያምም፣ ምኑን እናደንዝዘው? ዘይቱ ሳይቀጥን ድድ ላይ ሲቀመጥም ያቃጥላል። ለብ ያለ ውሃ በጨው መጉመጥመጥ ይችላሉ፣ አይጎዳም፣ ሥሩ ጋ ግን አይደርስም። ማሩን ግን ተዉት ጋሼ፣ ባለቤትዎ መስታወት ፊት ማር በጣትዎ ይዘው ካገኙዎት እኔ ይህን ሁሉ የጻፍኩልዎት ገደል ገባ።